የልጅ ድግስ በሞያሌ፦ ከስም ማውጫ ሌሊት እስከ ልደት ኬክ

የኬንያዋ ሞያሌ፣ በማርሳቢት ካውንቲ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ተመሳሳይ ስም ካላት የኢትዮጵያ ከተማ ጋር በድንበር መስመር ብቻ ተለያይታ የምትኖር፣ አራት የዘመን አቆጣጠሮች ጎን ለጎን የሚሠሩባት ከተማ ናት። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቿና ትምህርት ቤቶቿ የአውሮፓውያኑን አቆጣጠር ይከተላሉ፤ አብዛኛው ነዋሪዋ ሙስሊም በመሆኑ ጾሙንና በዓሉን በሒጅራ ይቆጥራል፤ ከኢትዮጵያ ደጋ የወረዱ ክርስቲያን ቤተሰቦች ዐሥራ ሦስት ወር ያለውን የአገራቸውን አቆጣጠር አልተዉም፤ የቦረና አያንቱዎች፣ ማለትም ጨረቃ ከተወሰኑ ከዋክብት ጋር የምትገናኝበትን ሌሊት እያስተዋሉ ቀን የሚወስኑ ዐዋቂዎች፣ ሃያ ሰባት የቀን ስሞች ባሉት በራሳቸው አቆጣጠር ይመራሉ። ስለዚህ ለአንድ ልጅ መቼ ይደገሳል፣ ማን ይደግስለታል፣ በድግሱ ላይስ ልጁ ራሱ ምን ይሠራል የሚሉት ጥያቄዎች በዚህች ከተማ ከአንድ ቤተሰብ ጓዳ አልፈው የድንበሩን፣ የሃይማኖቱን፣ የትምህርት ቤቱንና የመንገዱን ታሪክ ይነካሉ።

ዛሬ የልጆች ፓርቲ የሚባለው ዝግጅት፣ ፊኛ ተሰቅሎ፣ ኬክ ተቆርጦ፣ ልጆቹ የሚሠሩት የእጅ ሥራና የሚጫወቱት ጨዋታ አስቀድሞ ታስቦበት፣ አንዳንዴም ለዚሁ በተቀጠረ ሰው እየተመራ የሚካሄደው፣ በአካባቢው ታሪክ ውስጥ እጅግ አዲስ ነገር ነው። ከእርሱ በፊት ለረጅም ዘመን የኖሩት ሁለት የተለያዩ ልማዶች ናቸው፤ አንደኛው ዐዋቂዎች በልጁ ምክንያት የሚያደርጉት፣ ልጁ ግን በአብዛኛው ታቅፎ ወይም ተኝቶ የሚያሳልፈው ድግስ ሲሆን፣ ሁለተኛው ልጆች ዐዋቂ ሳያቅድላቸው ባገኙት ጭቃ፣ ጠጠር፣ ልጥና ጨርቅ ራሳቸው የሚፈጥሩት ጨዋታ ነው። አዲሱ ፓርቲ ጊዜውን ከመጀመሪያው፣ ይዘቱን ደግሞ ከሁለተኛው መውረስ ነበረበት፤ የመጀመሪያውን ውርስ ሳይቸገር ተቀብሎታል፣ የሁለተኛው ነገር ግን እስከ ዛሬ ያልለየለት ነው፣ የሞያሌም ታሪክ በተለይ የሚያስተምረው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ካልተባለ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ሞያሌ ከተማ የሆነችው በድንበር ምክንያት ነው። የዓፄ ምኒልክ ጦር በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ወደ ቦረና ምድር ከዘለቀ በኋላ፣ እንግሊዞች ከሚገዙት የምሥራቅ አፍሪካ ግዛት ጋር የሚለየው መስመር እንዲጠና ተደርጎ፣ በታኅሣሥ 1907 ስምምነት ተፈረመ፤ የእንግሊዝ መንግሥት የድንበር ተቆጣጣሪ አድርጎ የሾመው ግሪካዊው ፊሊፕ ዛፊሮም በዚሁ ስፍራ ጣቢያ ሠርቶ በአዲስ አበባው የእንግሊዝ መልእክተኛ በሃሪንግተን ስም ጠራው። በጣቢያውና በገበያው ዙሪያ ቦረናና ገብራ፣ ገሪና ሳኩዬ፣ አጁራንና ሌሎችም የሶማሊ ጎሳዎች፣ ከሰሜን የወረዱ የቡርጂ ገበሬዎች፣ ኮንሶዎችና ከደጋ የመጡ ወታደሮችና ነጋዴዎች ተሰበሰቡ። በ1970 ኢትዮጵያና ነጻይቱ ኬንያ መስመሩን በውል ሲያጸኑት እንኳ ለሰዎቹ፣ ከሰዎቹም ይልቅ ለልጆቹ፣ ድንበሩ በእግር የሚሻገሩት ቦታ ሆኖ ቀጥሏል። በዚህ ምክንያት የአንዱ ወገን ጨዋታና በዓል በሌላው ወገን ልጆች ዓይን ሥር ሲካሄድ ኖሯል።

ከእነዚህ ሕዝቦች መካከል በልጅ ዙሪያ የሚደረገውን ሥርዓት እጅግ ያበለጸጉት ቦረናዎች ናቸው። በቦረና ባህል የልጁ ታላቅ በዓል የልደቱ ቀን ዙሮ ሲመጣ የሚደረግ አይደለም፤ የልደቱ ጊዜ የሚታሰበው በስሙ ውስጥ ነው። ቀን የተወለደ ጉዮ፣ ሌሊት የተወለደ ሀላኬ፣ ሲመሽ የተወለደ ጋልገሎ፣ ዝናብ ሲጥል የተወለደ ሮባ፣ በበጋ የተወለደ ቦናያ፣ የሥርዓት በዓል በሚከናወንበት ወቅት የተወለደ ጂሎ ሊባል ይችላል። እንዲህ ያለውን ስም የተሸከመ ሰው ዕድሜውን በዓመት ባይቆጥር እንኳ በምን ሰዓትና በምን ወቅት ወደዚህ ዓለም እንደመጣ በተጠራ ቁጥር ይነገርለታል።

ስሙ የሚሰጥበት ድግስ፣ በተለይ ለበኩር ወንድ ልጅ የሚደረገው፣ ጉቢሳ ይባላል። ለጉቢሳ ገልማ የሚባል ሰፊ የሥርዓት ጎጆ ይሠራል፤ ጎረቤትና ዘመድ ተሰብስቦ ሌሊቱን በዘፈንና በምርቃት ያሳልፋል፤ ወተት ይቀርባል፣ ቡና ቀላም ይዘጋጃል፣ ይኸውም የቡና ፍሬ ከነቅርፊቱ በቅቤ ተጠብሶ እንደ መሥዋዕት የሚታደልበት ሥርዓት ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ኬንያ ቦረናዎች መካከል የኖረው እንግሊዛዊው የማኅበራዊ ጥናት ምሁር ፖል ባክስተር በጽሑፎቹ ደጋግሞ እንዳሳየው፣ ለቦረናዎች ምርቃት፣ ሰላምና የከብት ርባታ የማይነጣጠሉ ናቸው፤ የስም ማውጣቱ ሌሊትም ይህንኑ በጉባኤ ፊት የሚያረጋግጥ ነው። ልጁ በዚህ ሁሉ መካከል የሚያደርገው ነገር የለም። ድግሱ የሚጠቅመው አባትን ነው ቢባልም ከእውነት አይርቅም፤ በዚያ ሌሊት አባትየው ልጅ ያለው ሰው ሆኖ በማኅበሩ ዘንድ ይታወቃልና።

ከዚህ በላይ የሚያስደንቀው የገዳ ሥርዓት ለልጅነት የሰጠው ቦታ ነው። ገዳ፣ የቦረና ወንዶች በየስምንት ዓመቱ ገደማ ከአንድ የኃላፊነት እርከን ወደ ሌላው የሚሸጋገሩበትና በ2016 በዩኔስኮ የዓለም ሕዝቦች የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ የሰፈረው ሥርዓት፣ በዳባሌ እርከን ይጀምራል። ኤርትራዊው ምሁር አስመሮም ለገሠ በ1973 ባሳተመው የገዳ ጥናት እንደገለጸው፣ ወንድ ልጅ የሚገባበት እርከን የሚወሰነው በራሱ ዕድሜ ሳይሆን በአባቱ እርከን ነው፤ ልጅ ምንጊዜም ከአባቱ አምስት እርከን ዝቅ ብሎ ይጓዛል፤ ስለዚህ ዳባሌዎች በሥልጣን ላይ ያሉት የገዳ አባቶች ልጆች ናቸው። ጸጉራቸው ሳይላጭ እንደ ሴት ልጅ ያድጋል፣ አይመቱም፣ እንዲያውም ሰው በረከት ፍለጋ ወደ እነርሱና ወደ እናቶቻቸው ይመጣል፤ ወደ ጋሜ እርከን ሲሸጋገሩ ጸጉራቸው ይላጫል። ሁለት እኩያ ልጆች በአንድ መንደር ሲያድጉ አንዱ ዳባሌ ሌላው በጣም ከፍ ባለ እርከን ላይ ሊሆን ስለሚችል፣ በእድሜ እኩልነት ላይ የቆመው የዛሬው የልደት በዓል ከዚህ አስተሳሰብ ጋር ከመሠረቱ አይገጥምም። ስድስተኛ ዓመቱን የሞላ ልጅ ስድስት ሻማ ሲያጠፋ የሚከበረው ልጁ ብቻውን ነው፤ በገዳ ግን ልጅ የሚከበረው ከአባቱ ጋር በሚያያዝበት ትስስር ነው።

የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ቤተሰብ ድግስ ቁልፉ ቀን ቆጠራ ነው። በእስልምና ልማድ ሕፃኑ በተወለደ በሰባተኛው ቀን ጸጉሩ ተላጭቶ ስም ይወጣለታል፣ ዐቂቃ የሚባለውም እርድ ይፈጸማል፤ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወንዱ በዐርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ ከዚያ በኋላም ቤተሰቡ የልጁን ልደት የሚያስታውሰው ብዙ ጊዜ በቀኑ ቁጥር ሳይሆን በዕለቱ በሚታሰበው ቅዱስ ነው፣ በ12 የተወለደ የሚካኤል፣ በ21 የተወለደ የማርያም፣ በ23 የተወለደ የጊዮርጊስ ልጅ ይባላል። በእነዚህም ድግሶች የሚበላው፣ የሚመርቀውና የሚዘፍነው ዐዋቂው ነው።

ልጆቹ እስከዚያ ድረስ የራሳቸውን ዓለም በእጃቸው እየሠሩ ነበር። በአርብቶ አደሩ መንደር ለእረኝነት ያልደረሱ ልጆች ጠጠሮችን በቀለማቸውና በመጠናቸው እየለዩ ላም፣ በሬና ጥጃ ያደርጓቸዋል፣ በእሾህ ቁጥቋጦ ፋንታ በቅንጥብጣቢ እንጨት በረት ያጥሩላቸዋል፣ ጠዋት ያሰማራሉ፣ ማታ ያስገባሉ፤ ዝናብ ሲጥልና ጭቃ ሲገኝም ቀንድ ያላቸውን ከብቶች ያበጃሉ። ሴቶቹ ልጆች አገዳና ጨርቅ አያይዘው አሻንጉሊት ይሠራሉ፤ በከተማው ሠፈሮች ደግሞ በጣሳ ቁራጭና በጠርሙስ ቆርኪ ዕቃ ዕቃ ይጫወታሉ፣ ማለትም ትዳር፣ ወጥ ቤትና እንግዳ አቀባበል ያሉበትን የዐዋቂ ኑሮ በትንሹ ያካሂዳሉ። በመሬት ላይ ሣጥኖች ተሥለው በአንድ እግር የሚዘለልበት ሰኞ ማክሰኞ፣ በአምስት ጠጠር የሚጫወቱት ቅልልቦሽ፣ ከሽቦና ከቆርኪ የሚሠራ መኪና፣ ከጨርቅና ከፕላስቲክ ከረጢት በገመድ ተጠቅልሎ የሚሠራ ኳስ፣ ሁሉም ከገበያ የማይገዙ ነበሩ። ኬንያ ከነሐሴ 2017 መጨረሻ ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢትን በሕግ ስትከለክል፣ ለአካባቢ ጥበቃ ትልቅ የሆነው ይህ እርምጃ የልጆችን ኳስ ዋና ጥሬ ዕቃ የነካ መሆኑ እምብዛም አልተነሣም።

ከእነዚህ ጨዋታዎች መካከል ረጅም ታሪኩ በጽሑፍ የተመዘገበለት ገበጣ ነው። ገበጣ፣ በእንጨት ገበታ ወይም በመሬት ላይ በተማሱ ጉድጓዶች ጠጠር ወይም ፍሬ እየዘሩ የሚጫወቱት የቆጠራ ጨዋታ፣ በአክሱም ዘመን ከተሞች በመጠራና በየሓ በድንጋይ ላይ የተቀረጹ ምልክቶች እንዳሉት ይነገርለታል። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ባሳተመው ጥናት በኢትዮጵያና በአጎራባች አገሮች ያሉትን ብዙ ዓይነቶች ሰብስቦ አቅርቧል፤ በዚያም በኮንሶ የሚጫወቱት ላምላሜታ ተመዝግቧል። ከስዋሂሊ ጠረፍ ወደ ሰሜን የመጣው ባኦም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። እንግዲህ የኮንሶ፣ የደጋና የጠረፍ ሰዎች በተገናኙበት ከተማ አንድ ልጅ ዐሥራ ሁለት ጉድጓድ ምሶ ቢቀመጥ፣ ከየትኛውም ወገን የመጣ ባላጋራ ደንቡን ጥቂት አሻሽሎ ሊጫወተው ይችላል። ገበጣ ለዚህ የበቃው ቋንቋ ስለማይፈልግ ብቻ አይደለም፤ ከእጅ ብልሃት ጋር ሂሳብን ስለሚጠይቅ፣ ትንሹ ልጅ ትልቁን ሊያሸንፍ የሚችልበት ብርቅ ጨዋታ ስለሆነ ጭምር ነው።

ሲመሽ ደግሞ እንቆቅልሽ ይመጣል። በአማርኛ ተናጋሪው ቤት ጠያቂው «እንቆቅልህ» ሲል መላሹ «ምን አውቅልህ» ይላል፤ መልሱ ከጠፋበት «አገር ስጠኝ» ይባልና የሚያውቀውን ከተማ ይሰጣል። በኦሮምኛ ተናጋሪው ቤት ሂቦ በሚባለው ተመሳሳይ የጥያቄና መልስ ውድድር ልጆች ይፋለማሉ። ይህ የምሽት ጨዋታ ምንም ዕቃ አይፈልግም፣ ተራ አለው፣ ቅጣት አለው፣ አሸናፊ አለው፣ አያትም ልጅም እኩል ይገቡበታል፤ ዛሬ ለልጆች ዝግጅት መሪ የሚሆን ሰው የሚጨነቅባቸውን ነገሮች በሙሉ አስቀድሞ አሟልቷል።

በልጆች የታቀደ በዓል ሙሉ ምሳሌ የሚሆነው ግን ቡሄ ነው። ቡሄ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነሐሴ 13 (በአውሮፓውያኑ ነሐሴ 19) የሚውል፣ ክርስቶስ በደብረ ታቦር የተገለጠበት መታሰቢያ ሲሆን፣ በትውፊቱ መሠረት በዚያ ምሽት በብርሃኑ ምክንያት መምሸቱን ሳያውቁ የቀሩ እረኞችን ቤተሰቦቻቸው ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ፈልገዋቸዋል። ስለዚህ በዓሉ ከመሠረቱ የእረኛ ልጆች ነው። ዝግጅቱ የሚጀመረው ከሳምንታት በፊት ነው፤ ወንዶቹ ልጆች ልጥና ቃጫ ፈትለው ጅራፍ ይገምዳሉ፣ ጫፉ ሲጮህ ከሩቅ እንዲሰማ ውፍረቱን ከእጀታው ወደ ጫፉ እያሳነሱ መግመድ ልምምድ የሚጠይቅ ጥበብ ነው፤ ደረቅ ጭራሮ ሰብስበው ችቦ ያስራሉ፤ መሬት የሚመቱበት ዱላ ይመርጣሉ። ከመካከላቸው ድምፀ መልካሙና ግጥም አዋቂው አውራጅ ይሆናል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ የትኛው ቤት ቸር እንደሆነ፣ ከየትኛው ሠፈር እንደሚጀመር፣ የተሰበሰበው ሙልሙል እንዴት እንደሚከፋፈል ይመክራሉ። ሙልሙል እናቶች ለዚሁ ቀን የሚጋግሩት ድቡልቡል ወይም ሞላላ ዳቦ ነው፤ በከተማ ብዙ ጊዜ በገንዘብ ተተክቷል፣ ልጆቹም ሆያ ሆዬ እያሉ የሚዘፍኑለት ባለቤት ምን እንደሚሰጣቸው አይተው ምስጋናውን በዚያው ቅጽበት በግጥም ይፈጥራሉ።

ይህ በዓል ከደጋ ቤተሰቦች ጋር ወደ ሞያሌ አካባቢ ሲወርድ ከአየር ጠባዩ ጋር ተቃረነ፤ ከዚህ ታሪክ ውስጥ ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባውም ይኸው ነው። በሸዋ፣ በጎንደርና በወሎ ቡሄ የክረምቱ ጨለማ መግፈፍ የሚጀምርበት ድንበር ነው፤ ጭጋጉ ሲሳሳ፣ ጅረቱ ሲጠራ፣ ልጁ ደጅ መውጣት ሲጀምር የሚመጣ ነው። በሞያሌ ግን ዋናው ዝናብ፣ ቦረናዎች ጋና የሚሉት፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይወርዳል፤ አጭሩ ዝናብ ሀጋያ ከመስከረም መጨረሻ በኋላ ይመጣል፤ ነሐሴ አዶሌሳ የሚባለው ቀዝቃዛና ደረቅ ወቅት ነው። ስለዚህ የደጋው ልጅ ክረምት ሲያበቃ የሚያጮኸውን ጅራፍ የሞያሌው ልጅ አቧራ ላይ፣ በሁለት ዝናብ መካከል ያጮኸዋል። እንቁጣጣሽም እንደዚሁ ነው፤ በደጋው ሜዳውን ቢጫ የሚያደርገው አደይ አበባ ሴት ልጆች ተያይዘው እየዘፈኑ ለየቤቱ የሚሰጡት የዘመን መለወጫ ምልክት ሲሆን፣ መስከረም 1 በቆላው ድንበር የደረቅ ወቅት ማብቂያ ነው። በከተሞች ሁሉ እየተለመደ የመጣው ልማድ፣ ልጆች አበባውን በወረቀት ላይ በቀለም ሥለው ለጎረቤት የሚያድሉበት፣ በእንዲህ ያለ ስፍራ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ሜዳው ያላበቀለውን አበባ በወረቀት የሚያበቅል ሥራ ነው። ከዚህ መረዳት የሚቻለው፣ የልጆች በዓል ከተፈጥሮ ወቅቱ ተነጥሎም ሊኖር እንደሚችል፣ ልጆቹ በእጃቸው የሚሠሩት ነገር እስካለ ድረስ ብቻ ግን እንደሆነ ነው።

ዐዋቂዎች ለልጆች ጨዋታ ማቀድ የጀመሩት በዋናነት በትምህርት ቤት በኩል ነው። ሐሳቡ ከአውሮፓ የመጣ ነው፤ ጀርመናዊው ፍሪድሪኽ ፍሮቤል በ1837 በባድ ብላንከንቡርግ የትንንሽ ልጆች ተቋም ከፍቶ፣ በኋላ መዋዕለ ሕፃናት ለተባለው ትምህርት መሠረት ሲጥል፣ ወረቀት ማጠፍን፣ ሽመናን፣ ዶቃ መሰካትንና በእንጨት ቁርጥራጭ መገንባትን የትምህርቱ ዋና አካል አደረገ። ይህ ለቦረናው የጠጠር ከብት ጠባቂ እንግዳ ትምህርት አልነበረም፤ አዲስ የሆነው ዐዋቂ መምህር ሰዓት ወስኖለት መቀመጡ ብቻ ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን የሰሜን ድንበር አውራጃ ተብሎ ለመግባትም ለመውጣትም ፈቃድ በሚጠየቅበት፣ ትምህርት ቤትም እጅግ ጥቂት በነበረበት ምድር ይህ ሐሳብ ዘግይቶ ደረሰ። ከነጻነት በኋላም አውራጃው ከታኅሣሥ 1963 እስከ 1991 በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ቆየ። ለብዙ የከተማዋ ልጆች የመጀመሪያው በዐዋቂ የታቀደ የልጆች ትርኢት የመንግሥት በዓል ነበር፤ በሰኔ 1 የማዳራካ፣ በታኅሣሥ 12 የጃምሁሪ ቀን ተማሪዎች ተሰልፈው ይዘምራሉ፣ ባህላዊ ዘፈንና ጭፈራ ያሳያሉ። በ1927 የተጀመረው የኬንያ ሙዚቃ ፌስቲቫልም የየብሔረሰቡን ዘፈን ለትምህርት ቤት መድረክ የሚመጥን፣ በዳኛ የሚመዘን አድርጎታል። በ1985 የተጀመረው የ8-4-4 ሥርዓተ ትምህርት የእጅ ሥራን፣ ሙዚቃንና የቤት አያያዝን በአንደኛ ደረጃ ክፍል አስገባ፤ በ2019 በታችኞቹ ክፍሎች የተዘረጋው በብቃት ላይ የተመሠረተው ሥርዓት ደግሞ ልጆች ከአካባቢያቸው ያገኙትን ቁሳቁስ ይዘው መጥተው እንዲሠሩ፣ ወላጆችም እንዲያግዟቸው ይጠይቃል። የጭቃ ላምና የሽቦ መኪና በዚህ መንገድ ከመንደር ወጥተው ውጤት የሚሰጥባቸው ሥራዎች ሆኑ።

በድንበሩ ሰሜን ተመሳሳይ ለውጥ በሌላ መንገድ መጣ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1964 ሲጀመር ተስፋዬ ሣህሉ፣ በኮሪያ ለዘመተው ጦር ትርኢት ያቀርብ የነበረውና አባባ ተስፋዬ በሚል ስም የታወቀው አርቲስት፣ የልጆችን ጊዜ ያዘና እስከ 2006 ድረስ ተረት ሲያወራ ቆየ። በ2017 ሲያርፍ ከአንድ በላይ ትውልድ በእርሱ ፊት ተኮልኩሎ አድጎ ነበር። የአያትን የምሽት ተረት ወደ መርሐ ግብር፣ ማለትም ቀንና ሰዓት ወዳለው ዝግጅት የለወጠው እርሱ ነው፤ በስቱዲዮ ልጆቹን ከፊቱ አስቀምጦ ማውራቱ፣ ታሪኩን በድምፅና በፊት ገጽታ መጫወቱ፣ ዛሬ ልደት ላይ ተረት እንዲያወራ የሚጋበዝ ሰው ሁሉ የሚከተለው መንገድ ነው። እርሱ ባቆመበት ዓመት የተጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘው ዝግጅት ደግሞ የእጅ አሻንጉሊትን ለልጆች አስተማሪ አድርጎ አቀረበ።

የልደት በዓል ራሱ ለመከበር መጀመሪያ የታወቀ ቀን ያስፈልገዋል፣ ቀኑ እንዲታወቅም መዝገብ። በኬንያ የልደትና ሞት ምዝገባ ሕግ ከ1928 ጀምሮ ቢኖርም በመላ አገሪቱ አስገዳጅ የሆነው በ1971 ነው፤ በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ በ2012 ወጥቶ ምዝገባው በ2016 ተጀመረ። ከዚያ በፊት የልደት ቀን በግምት የሚጻፍ ነገር ነበር፤ ዛሬ በአያትነት ዕድሜ ያለ ሰው የመታወቂያ ደብተሩ ላይ የሰፈረውን ቀን ትክክለኛነት የሚያረጋግጥለት ላይኖር ይችላል። ኬኩና ሻማው ከጀርመን የመጡ ናቸው፤ በ1746 የጀርመናዊው ባላባት የካውንት ዚንዘንዶርፍ ልደት ሲከበር ትልቅ ኬክ ተጋግሮ በዕድሜው ልክ ሻማ እንደተተከለበት ተጽፏል። ዓለም የሚዘምረው የልደት ዜማ ደግሞ በ1893 በአሜሪካ ኬንታኪ ሁለት የሂል እኅትማማቾች ለመዋዕለ ሕፃናት ያሳተሙት የጠዋት ሰላምታ መዝሙር ነበር፤ ፓቲ ሂል የፍሮቤልን ትምህርት ከተማሩት መምህራን አንዷ ስለነበረች፣ የእጅ ሥራውና የልደት መዝሙሩ ከአንድ ትምህርት ቤት የወጡ ናቸው። በኢትዮጵያ የአንድ ሰው ልደት በአደባባይ ሲከበር ብዙ ሰው ያየው በቤተ መንግሥት ነው፤ የዓፄ ኃይለ ሥላሴ ልደት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሐምሌ 16 ቀን፣ ብሔራዊ በዓል ነበር፣ ተማሪዎችም ይሰለፉበት ነበር፤ ይህ እስከ 1974ቱ አብዮት ቀጠለ። የልደት ኬክ ከቤተ መንግሥትና ከጥቂት የከተማ ቤቶች ወጥቶ ወደ ሠራተኛና ነጋዴ ቤት የገባው ከዚያ በኋላ ነው።

በሞያሌ ታሪክ ውስጥ የታቀደ ጨዋታ መዝናኛ ብቻ ሳይሆን መጠለያ የሆነባቸው ጊዜያትም ነበሩ። በ2012 ክረምት በኢትዮጵያው ወገን በተነሣ ግጭት ከሃያ ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ወደ ኬንያ ተሻገሩ፤ በ2013 መጨረሻ በኬንያው ወገን በተነሣው ግጭት ደግሞ ቤተሰቦች ወደ ኢትዮጵያ ሸሹ፤ በመጋቢት 2018 የኢትዮጵያ ወታደሮች በሰላማዊ ሰዎች ላይ በተኮሱ ጊዜ ዐሥር ሺህ ያህል ሰው ድንበሩን አቋርጦ በኬንያ ሞያሌና በሶሎሎ አካባቢ ሰፈረ። በእንዲህ ያሉ ሰፈሮች የዓለም አቀፍ ድርጅቶች በ1999 በአልባኒያ የኮሶቮ ስደተኞች ሰፈር የጀመሩት ለልጆች ምቹ ቦታ የሚባል አሠራር አለ፤ ይኸውም ልጆች በቀን በተወሰነ ሰዓት የሚሥሉበት፣ የሚዘፍኑበት፣ ኳስ የሚጫወቱበትና የሚያውቋቸው ዐዋቂዎች የሚጠብቋቸው ጥላ ነው። ሰዓቱ በየቀኑ አንድ መሆኑ፣ ጨዋታው በተራ መሄዱ፣ እጅ ሥራ ላይ መዋሉ የተደናገጠ ልጅን እንደሚያረጋጋ ከተደጋጋሚ ልምድ የታወቀ ነው፤ የልጅ ጨዋታን ማቀድ የሀብታም ቤት ቅንጦት ነው ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም።

ከኢሲዮሎ በማርሳቢት በኩል እስከ ሞያሌ የሚደርሰው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በአስፋልት የተጠናቀቀው በ2010ዎቹ አጋማሽ ነው፤ በታኅሣሥ 2020 ደግሞ ሁለቱ አገሮች የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ አስመረቁ። ቀድሞ በጭነት መኪና ቀናት ይፈጅ የነበረው ጉዞ ሲያጥር የናይሮቢ የፓርቲ ዕቃ፣ ፊኛው፣ የወረቀት ዘውዱ፣ በካርቱን ገጸ ባሕርይ የተዋበው ሣህንና ኩባያ፣ በአየር የሚነፋው መዝለያ፣ የፊት ቀለሙ፣ ወደ ሰሜን መምጣት ቀለለው። ከነዚህ ጋር ጭብጥ የሚባለው ልማድ፣ ማለትም ድግሱን በአንድ ታሪክ ወይም ገጸ ባሕርይ ዙሪያ ማስጌጥ፣ አብሮ መጣ። ይህ በራሱ ጥፋት የለውም፤ ቡሄም ጭብጥ ያለው በዓል ነው፣ እረኛ፣ ብርሃንና ዳቦ። ልዩነቱ በቡሄ ጌጡን ልጁ ሲሠራው፣ በተገዛው ፓርቲ ግን ጌጡ ተሠርቶ ተሰቅሎ መጠበቁ ነው። ልጁ ሲመጣ የሚቀርለት ሥራ ፎቶግራፍ መነሣት ብቻ ከሆነ፣ ድግሱ ሳይታወቅ ወደ ገልማው ሌሊት ይመለሳል፣ ምርቃቱና ዘፈኑ ሳይኖር ልጁን ታቅፎ የሚውል ያደርገዋል።

ስለዚህ በሞያሌ ለልጆች ዝግጅት የሚያቅድ ሰው ከየትኛውም መጽሐፍ በፊት የሚያስፈልገው እውቀት በዙሪያው ያለው ነው። ቀኑን ሲወስን ረመዳንን ያያል፣ ረቡዕና ዓርብን፣ በነሐሴ ከቡሄ ጋር የሚጋጠመውንም የፍልሰታ ጾም ይመለከታል፣ ለጾመኛ ልጅም ወተትና እንቁላል የሌለው ዳቦና ፈንዲሻ ያስባል፤ በሌሎች የኬንያ ከተሞች ባለ ልደቱን ውኃ በመድፋት ማስደንገጥ የተለመደ ቢሆንም ውኃ በጀሪካን በሚገዛበት ከተማ ይህን ጨዋታ ይተወዋል። ለአምስትና ስድስት ዓመት ልጆች ጭቃና ጠጠር፣ ከዚያ ከፍ ላሉት ገበጣና ጅራፍ መግመድ፣ ለሁሉም በየቋንቋቸው እንቆቅልሽ ቢያዘጋጅ ከሦስት ቋንቋ የመጡ ልጆች ያለ አስተርጓሚ ይውሉበታል። በሰዓቱ ላይ ደግሞ አንድ ዕድል አለው፤ ስዋሂሊም አማርኛም ቀኑን ከንጋት ጀምረው ስለሚቆጥሩ «ሳ ቲሳ» ብሎ የጋበዘና «ዘጠኝ ሰዓት» ብሎ የጋበዘ ልጆቹ በአንድ ሰዓት ይመጡለታል፣ መጥሪያው ላይ በእንግሊዝኛው አቆጣጠር 3 ሰዓት ብሎ ያተመ ሰው ግን በግማሹ እንግዳ ማለዳ በሩ ሲንኳኳ ሊነቃ ይችላል።